ቅጣቴን ስጡኝ

የካቲት 3፣ ሰኞ

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ራስ ምታት፦ ከአሥር ሦስት። መድኃኒት ተወስዷል፤ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አይቼ አረጋግጫለሁ።

የእድራችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ከትናንት ጀምሮ ስድሳ አራት መልእክት። ግማሹን ከቁርስ በፊት፣ ግማሹን ከቁርስ በኋላ አነበብኩ። የድምፅ መልእክቶቹን አልከፍትም። ከበስተጀርባ ሌላ ሰው ካወራ ሁለቱም ይጠፉብኛል።

ቦዳቦዳ የሚሉት ሞተር ታክሲ ከመታኝ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። አጥንቱ ገጥሟል። ጭንቅላቴ ግን በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የምሠራበት የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ «ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» ብሎኛል። አዳራሽ አልገባም፤ ሠርግ ቀርቶብኛል። ጫጫታ ሲበዛ ቃል ይሰወርብኛል። ትናንት ወንድሜ ይድነቃቸው ፊት «ጭልፋ» ለማለት «የወጡ... ማውጫው» አልኩ። ልጁ ቤቲ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በስልክ ግን ሙሉ ሰው ነኝ። በጽሑፍ ቆም ማለቴ አይታይም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ማን ያውቃል? በሰው አገር፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ካለው ከዚህ ክፍል ሳልወጣ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ጎረቤት አለኝ።

ባለፈው ወር የእድሩ ጸሐፊነት ተመለሰልኝ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ገብረመድህን ራሳቸው ማኅተሙን ይዘው መጡ። «ያለ አንቺ ማስታወቂያው ሁሉ ስሕተት በስሕተት ሆኗል» አሉ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም።

ለመመካት ቢሆንስ?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የሐሙስ ጥሪ፤ ከሊድ። ኢምባካሲ ጭነት መኪና ይነዳ የነበረ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከመኪናው ጣራ ወድቆ እንደኔው የተጎዳ። የተዋወቅነው የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ያወራል፤ እኛ ሁለታችን ቀርተን በአማርኛ እንቀጥላለን። ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ለሁለታችንም አይሆንም።

«ፕሮፌሰር፣ እንዴት ነሽ?»

«ፕሮፌሰር አይደለሁም አልኩህ።»

«ታዲያ ጭንቅላታችንን ተመትተን ማዕረጉም ይቅርብን?»

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጋሽ ገብረመድህን ደወሉ። የውባንቺ እናት ደሴ ላይ አርፈዋል። ኪሌሌሽዋ ምግብ ቤት ያላት ውባንቺ። አልሰማችም። ወንድሟ ከሞምባሳ እስኪደርስ መርዶው ለቅዳሜ ንጋት ተቀጥሯል። ማስታወቂያውን እኔ አርቅቄ ለኮሚቴው እንድልክ፣ ታይቶ ከቅዳሜ በኋላ ለአባላት እንዲወጣ አዘዙኝ።

«ምስጢር ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ውባንቺ ዛሬ ግሩፑ ላይ የምግብ ቤቷን አዲስ መጋረጃ ፎቶ ለጥፋለች። «ቀለሙ አያምርም?» ትላለች። ያምራል ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ ከበደኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት የእግር ፊዚዮቴራፒ። ተመለስኩ፤ ድካም፦ ከአሥር ስምንት። ስደክም ምንም አልልክም የሚል ደንብ አለኝ። ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

6፡42፦ «የእህታችን የወይዘሮ ውባንቺ ወላጅ እናት ማረፋቸውን በሐዘን እንገልጻለን። መርዶው ቅዳሜ ንጋት ስለሚነገር እስከዚያ ምስጢር እንዲሆን» የሚለውን ላክሁ። ለኮሚቴው ነበር። የኮሚቴውም የአባላቱም ግሩፕ ላይ ያለው ሥዕል ያው የእድሩ ሰማያዊ ድንኳን ነው። የሄደው ለሁሉም ነው።

6፡44፦ ውባንቺ ጻፈች። «የማን እናት?»

6፡46፦ ጋሽ ገብረመድህን ደወሉ። «አጥፊው! አጥፊው!» የቱን? እንዴት? የምነካው ቦታ ጠፋኝ። ቤቲ ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ።

6፡51፦ ጠፋ።

ዘጠኝ ደቂቃ። ሰው ሳይከባት፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር፣ በምሳ ሰዓት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ...

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከሊድ ደወለ። አላነሣሁም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ለቅሶ ልሂድ ብዬ ነበር። ይድነቃቸው በር ላይ ቆመ። «አሁን ብትሄጂ የሰው ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ነው። ተይ።» ተውኩ። ደካማ ነበርኩ ወይስ ፈሪ? አልለየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረመድህን ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። ለታመመ ሰው እንደሚያዝ።

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልስ ጽፌ ነበር። ማንም አልተቆጣም።

«ለውባንቺም ነግረናታል» አሉ። «ሕመሙ ነው እንጂ እሷ አይደለችም ብለን።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አይደለሽም፣ ልጄ። ተይው። አንቺ ብቻ እረፊ።»

ማኅተሙን ለጊዜው ወሰዱ። ሲወጡ አንደኛው ለሌላው ደረጃው ላይ በሹክሹክታ፦ «ጭንቅላቷን ተመታ እኮ ነው፤ ምን ታድርግ።»

ይድነቃቸው «ተመስገን በይ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን አይለቁትም ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን... ይህን ዓረፍተ ነገር ሳሰላስል ዋልኩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

አንድ ነገር አስተዋልኩና ቆጠርኩ።

ከየካቲት 12 በፊት በግሩፑ ላይ በአማካይ በቀን ሰባ አንድ መልእክት። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት። ከሦስቱ አንዱ የእኔ «እንደምን አደራችሁ» ነው።

ምክንያቱ ጾም ይሆን? ያለፈውን ዓመት ዐቢይ ጾም ስልኬ ውስጥ ገብቼ ቆጠርኩ። ስድሳ ስድስት። ጾም አይደለም። ሐዘን? ባለፈው ዓመት አራት ለቅሶ ነበረን፤ ያኔ እንዲያውም ጨምሯል።

ሦስተኛ ግምት አለኝ። አልጽፈውም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ቤቲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፦ «አክስቴ፣ የእሑዱን ፖስተር አየሽው? እንዴት አስቀያሚ ነው!»

«የት?»

«ግሩፑ ላይ ነዋ። አዲሱ ላይ።»

«አዲሱ?»

ፊቷ ተለወጠ። «ኳኒ... እንዴ፣ አንቺን አልጨመሩሽም? ፖሌ፣ ይቅርታ፣ አክስቴ። ፖሌ ሳና። አይ ቶት ሁሉም ሰው ገብቷል ብዬ አስቤ...»

ስልኳን ጠየቅኋት። ሰጠችኝ። አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት አባላት። ይድነቃቸው አለበት። ጋሽ ገብረመድህን አሉበት። ሳቅ አለ፣ ክርክር አለ፣ የጠፋ የቤት ቁልፍ አለ፣ የልጅ ጥርስ መብቀል አለ። ሁሉም እዚያ ናቸው።

ባዶ ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ቀን «እንደምን አደራችሁ» ስል ከርሜአለሁ። በየቀኑ አንድ ሁለት ሰው በየተራ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመልስልኝ ነበር። ተራ አውጥተው ይሆን? ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ለከሊድ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ፦

«አንድም ሰው አልተቆጣሽም?»

«አንድም።»

«ጉድ ነው! እኔ ባለፈው የጎረቤቴን መኪና መስታወት ገንጥዬ ጣልኩ። በትከሻዬ። ሰውየው እንደ አውሬ ወጣ፤ እኔ መሆኔን ሲያይ "አይዞህ ወንድሜ" ብሎኝ ገባ። ድሮ ቢሆን አንገቴን ነበር የሚያንቀኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ወላሂ።»

«ማዘኑ ነዋ። ለምን አለቀስክ?»

«የሚሰደበው ሰው ነዋ፣ ፕሮፌሰር! ወንበር ቢያደናቅፈው ወንበሩን ይሰድበዋል?»

ጥሪው ካለቀ በኋላ ይህን ቃል በቃል መዘገብኩ። ከሐኪሞቼ ሁሉ የተሻለ ምርመራ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጣሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

አንቀጽ አሥራ አራት፦ «ከመርዶ አስቀድሞ የሞት ዜና ያወጣ አባል በጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በሦስት ለቅሶ ቤትም ውሃ እየቀዳ ያገለግላል።»

«የታመመ በስተቀር» የሚል የለበትም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለበትም።

ከዚህ በፊት የተቀጣ አንድ ሰው አለ። ሐብተማርያም፤ ዕቃ አስመጪው። ከአራት ዓመት በፊት ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጦ አንድ መርዶ አወጣ። ተቀጣ፤ ሦስት ድንኳን ውሃ ቀዳ። ዛሬ የኮሚቴ አባል ነው። ማንም «ምስኪን» ብሎት አያውቅም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው በአምስት ረቂቅ አለቀ። በየቀኑ አንድ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ድካም ከሦስት በታች ሲሆን ብቻ። ተቀባዩን ቤቲ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከዚያ ላክሁ።

«ለእድሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ። የካቲት 12 ቀን አንቀጽ አሥራ አራትን ተላልፌአለሁ። ጉዳቱ የፍጥነቴን መጠን ቀንሶታል፤ ኃላፊነቴን ግን አልወሰደውም። በደንቡ መሠረት እንድቀጣ በአክብሮት አመለክታለሁ። ቅጣቱን ለመከልከል ከፈለጋችሁ የተከለከልኩበትን አንቀጽ በጽሑፍ ግለጹልኝ። ሠርክ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላወጣት ነበር። አላወጣኋትም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጋሽ ገብረመድህን ደወሉ። «ልጄ፣ ምን ነካሽ? የታመመ ሰው ይቀጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ የታመመ ሰው አባል ነው ወይ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ነው እንጂ!»

«አዲሱ ግሩፕ ላይ ስሜን ፈልጌ አጣሁት።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቆየሁ። መቆየት አሁን የተካንኩበት ነገር ነው።

«እንዳትጨናነቂ ብለን እኮ ነው...»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የማመለክተው።»

ለጉባኤ አቀርበዋለሁ አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። እኔስ? ቃል አልጠፋኝም። አንድም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከጉባኤው በፊት መደረግ ያለበትን አደረግሁ።

ምግብ ቤቷ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭር ይላል። በታክሲ ሄድኩ፤ ብቻዬን፤ አድራሻውን በወረቀት ይዤ። ውባንቺ ጥቁር ለብሳ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆማለች።

«ዛሬ ነው የመጣሽው?»

«ዛሬ ነው።»

«ሠላሳ አራት ቀን!»

እሷም ቆጥራለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። የሕመሙ ጥፋት አይደለም። ሲደክመኝ መላክ እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ላክሁ።»

የሒሳብ ደብተሩን ገፋችው። ከዚያ ጀመረች።

«ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር! ይገባሻል? ሽንኩርት! የእናቴን ሞት ማማሰያ ይዤ አነበብኩት! የምትይዘኝ አንዲት ሴት የለችም። አስተናጋጇ "ማዳም፣ ተቃጠልሽ ወይ?" እያለች እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክርልኛለች! ወንድሜ ቅዳሜ ሲደርስ እኔ አልቅሼ ደርቄ ነበር። አብረን አላለቀስንም። እናታችንን አብረን አላለቀስናትም!»

ቆሜ ሰማሁ። የጆሮ መድፈኛዬ በቦርሳዬ ነበር። አላወጣሁትም።

«ልቆጣ ስል ደግሞ አፌን ይይዙኛል። "ታማ ነው፤ ጭንቅላቷ ነው፤ ተያት።" እኔስ በማን ልቆጣ? በቦዳቦዳው?»

«በእኔ።»

«በአንቺ ነው እንጂ!» ጠረጴዛውን መታችው። ሹካዎቹ ዘለሉ።

ሲበርድላት ሁለታችንም ተቀመጥን። «ለዛሬ ጨርሻለሁ» አለች። «ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሲመጣብኝ እደውልልሻለሁ።»

«ደውይ። ብቻ ቀስ ብለሽ ተቆጪ፤ ስትፈጥኚ ያመልጠኛል።»

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የሸፈነችው ሳቅ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እገምታለሁ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ውባንቺ ደወለች። ስድስት ደቂቃ ተቆጣች። ቀስ ብላ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ጉባኤ።

ዝግጅት፦ የጆሮ መድፈኛ፤ ፊተኛው ረድፍ፣ ግድግዳ ዳር፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት። ጋሽ ገብረመድህን አንድ ሰው ብቻ በየተራ እንዲናገር አሳሰቡ። አምስት ደቂቃ ተከበረ፤ በእድራችን ታሪክ ረጅሙ ነው።

ቆሜ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቃል ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አየዋለሁ፤ አፌ አያወጣውም። አንድ ሰው ከኋላ «መርዶውን» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ። እጄን አነሣሁ። አይ። ቆየሁ። ከመቶ በላይ ሰው ቆም ማለቴን አየ። ስንት ሰከንድ? አልቆጠርኩም፤ ይህም የመጀመሪያዬ ነው።

«ምስጢሩን» አልኩ። መጣ። ጨረስኩ።

ይድነቃቸው ብድግ አለ። «እህቴን ለመቅጣት ነው በሰንበት የምትሰበሰቡት? ሁለተኛ ዲግሪ ያላትን ሴት ውሃ ቀጂ ልታደርጓት ነው?»

ሐብተማርያም ከወዲያ ጥግ፦ «ወንድሜ፣ እኔም ዲግሪ ነበረኝ። ማሰሮው አልጠየቀኝም!»

አዳራሹ ሳቀ። ጆሮዬን ያዝኩ። ግን እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ውባንቺ ተነሣች። «የሞተችው የእኔ እናት ናት» አለች። «ትቀጣ። ለእኔም ስትሉ ትቀጣ።»

ድጋፍ ሰባ ስምንት፤ ተቃውሞ አሥራ ዘጠኝ፤ ድምፀ ተአቅቦ አራት። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ወንድሜ ነው። ይህንንም በክብር እመዘግባለሁ።

መኪና ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። አዲሱ ግሩፕ ላይ ተጨምሬአለሁ። የመጀመሪያው መልእክት የሐብተማርያም ነው። «እንኳን ለቅጣትሽ አደረሰሽ!»

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

አንደኛው ለቅሶ ቤት፤ ኢምባካሲ። ሰባ ያህል ሰው።

ድንኳኑን ቀድሜ በስድስት ረድፍ ከፈልኩት፤ በግራ በኩል ያለውን ዓይኔ ስለሚዘለው ከግራ ጀመርኩ። በየአርባ ደቂቃው መኪና ውስጥ ዓይኔን ሸፍኜ አሥር ደቂቃ ዕረፍት። ይድነቃቸው ጀሪካኑን ይሸከማል፤ ያጉረመርማል። «የሁለተኛ ዲግሪ ውሃ!»

አንዲት ሴት ከጥግ፦ «እህት! ይሄኛው ጥግ ሰው የለበትም?»

«ይቅርታ፣ ዘለልኳችሁ።»

«ይቅርታ አይጠጣም!»

ሁለት ሰዓት ሠራሁ። ማታ ድካም፦ ከአሥር ዘጠኝ። ነገ ሙሉ ቀን ተኝቼ እከፍለዋለሁ። ያዋጣኛል።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ተኝቼ ዋልኩ። ለከሊድ ብቻ ተነሣሁ።

«ቀናሁብሽ» አለኝ። «እድራችሁ ሙስሊም ይቀጣል?»

«አባል ከሆነ ይቀጣል።»

«መመዝገቢያው የት ነው?»

የቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ቅጹን ላክሁለት፤ ተቀባዩን ሁለት ጊዜ አይቼ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሁለተኛው ለቅሶ ቤት ተጠናቀቀ። አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ። የቤቱ ልጅ «ዓይንሽን ግለጪ!» ብላ ተቆጣችኝ። አመሰገንኳት፤ ግራ ገባት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሦስተኛው፤ የመጨረሻው። ሳውዝ ሲ፣ ከቤታችን ሦስት መንገድ አልፎ።

ጸሐፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ትናንት ጋሽ ገብረመድህን ደውለው ይህን በግልጽ ነገሩኝ፤ አላባበሉኝም። «መልእክት ሁለት ሰው አይቶት የሚላክበት አሠራር እስኪበጅ አንሰጥሽም» አሉ። ተከራከርኳቸው። አሠራሩን እኔ ላርቅቅ አልኩ። «አርቅቂ፤ አይተን እንወስናለን» አሉ። አይተው ይወስናሉ። እንደማንኛውም ሰው።

ከሰዓት በኋላ ውባንቺ መጣች። አጠገቧ ከደሴ ለሐዘኑ ቤተሰብ የመጡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ የማላውቃቸው። ማሰሮ ይዤ በሦስተኛው ረድፍ ስደርስ አሮጊቷ ወደ ውባንቺ ዘንበል አሉ።

«ይቺ ቀስ ቀስ የምትለው ማን ናት?»

ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ጭንቅላቷን ተመታ ነው» የሚለውን መልስ ዓመት ሙሉ በሁሉም አፍ ሰምቼዋለሁ።

«ሠርክ ናት» አለች ውባንቺ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «የእናቴን መርዶ ያወጣችው። ቅጣቷን ልትጨርስ ነው።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። በደንብ፤ ሳይቸኩሉ።

«ይበልሽ!» አሉኝ። ከዚያ ብርጭቋቸውን ዘረጉ። «በይ ቅጂ።»

ቀዳሁላቸው። ጢም አድርጌ ሞላሁት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።